ታጥቦ ጭቃ እንዳይሆን፦ በወረርሽኝ ጊዜ እጅ የመታጠብ ዝርዝር መመሪያ

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ስልክ በደወልን ቁጥር፣ ከጥሪው በፊት እጃችንን እንድንታጠብ የሚመክር ድምፅ እንሰማ ነበር። በቀን አሥር ጊዜ ከደወልን አሥር ጊዜ። ምክሩ ራሱ እጅ እጅ እስኪለን ድረስ።

መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ተነገረ። ብዙም ሳይቆይ ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ፣ ከፒያሳ እስከ ለገሃር፣ በየሱቁና በየባንኩ በር ላይ ጄሪካን ተደቀነ። እጅ መታጠብ አለበት ሲባል ያልሰማ የአዲስ አበባ ሰው ነበር ለማለት ይከብደኛል።

አንድ ቀን ስታዲየም አካባቢ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ልገባ ስል በሩ ላይ ሁለት ወጣቶች ቆመዋል። አንዱ ክዳኑ ከተበሳ ሃይላንድ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አደረገልኝ። አሸት አሸት አድርጌ ወደ ሁለተኛው ዞርኩ። ጄሪካኑን ቢያዘነብል፣ ቢነቀንቅ፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። ውሃው አልቋል። «ችግር የለውም ወንድሜ፣ ሳሙናው ይበቃል፣ ግባ» አለኝ ጥበቃው። ምን ላድርግ? ሱሪዬ ላይ ጠርጌ ገባሁ። ውስጥ ደግሞ ለፊርማ እስክሪብቶ ተዋስኩ። እስክሪብቶውን ያን ቀን ስንት ሰው እንደያዘው እንጃ።

ታጥቦ ጭቃ ማለት ይኼ ነው።

እጅ መታጠብ ጥሩ ነው ብዬ ልሰብካችሁ አልመጣሁም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባት፣ ታክሲ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ በምንጓዝባት፣ ምግብ በእጅ በምንበላባት ከተማ ነገሩ በተግባር እንዴት እንደሚሠራ ነው የማሳያችሁ።

መጀመሪያ የተገለበጠውን ልማድ እናቃና

ምሳ ሰዓት አንድ ምግብ ቤት ቁጭ በሉና የእጅ መታጠቢያውን ተመልከቱ። ሰው ከመብላቱ በፊት ቧንቧውን ይከፍታል፣ ጣቶቹን ያርሳል፣ ያራግፋል፣ ይመለሳል። ሦስት ሰከንድ ቢፈጅ ነው። ከበላ በኋላስ? ያው ሰው ሳሙናውን አንስቶ፣ ጣት ለጣት እያሸ፣ ጥፍሩን እየፈተገ፣ መጨረሻ ላይ እጁን እያሸተተ ይታጠባል። ቀይ ወጥ ይታያላ። ሽታውም ቶሎ አይለቅም። ጀርም ግን አይታይም፣ አይሸትም።

ቤት ውስጥም ያው ነው። እንግዳ ሲመጣ ልጅ ማስታጠቢያና ጆግ ይዞ ይዞራል። ደስ የሚል ባህል ነው፤ «እደግ፣ ተባረክ» የሚል ምርቃትም ያስገኛል። ግን ልብ ብላችሁ ከሆነ በመጀመሪያው ዙር ሳሙና ብዙ ጊዜ አብሮ አይዞርም። ሳሙናው የሚመጣው በሁለተኛው ዙር፣ ተበልቶ ካበቃ በኋላ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ቀላል ነው። ከምግብ በኋላ የምትታጠቡትን አስተጣጠብ እንዳለ ወስዳችሁ ከምግብ በፊት አድርጉት። አስተጣጠቡን የሚያስተምራችሁ አያስፈልግም፤ ጥሩ አድርጋችሁ ታውቁበታላችሁ።

ሳሙና ለምን እንደሚያስፈልግም ከወጡ መረዳት ይቻላል። ቅቤ የበዛበት ዶሮ ወጥ የነካ እጅ በውሃ ብቻ ይለቃል? አይለቅም። የሳሙና ቅንጣት አንድ ጫፏ ስብ ይወዳል፣ ሌላው ጫፏ ውሃ ይወዳል። ስቡን ይዛ ከውሃው ጋር ትሄዳለች። የኮሮና ቫይረስ የውጭ ሽፋኑ ስብ ነው፤ የኢንፍሉዌንዛም እንዲሁ። ሳሙና ሽፋኑን ሲበጥሰው ቫይረሱ ይፈርሳል። የስብ ሽፋን የሌላቸውን ጀርሞች ደግሞ ከቆዳ አላቆ ለውሃው ያስረክባል። ይህ ሁሉ እንዲሆን ግን ማሸት ያስፈልጋል፤ ጊዜም ያስፈልጋል።

የውሃው ሙቀት ለውጥ የለውም። የጠዋቱ በረዶ የሚመስል የቧንቧ ውሃም ይሠራል። ሰበብ አይሆንም።

ስድስት ቤት ፊደል

ሃያ ሰከንድ እሹ ሲባል ሰው ሰዓት አያይም። እኔ የምቆጥረው በፊደል ነው። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ። ስድስት ቤት፣ እያንዳንዱ ሰባት ፊደል፣ በድምሩ 42። በሰከንድ ሁለት ፊደል ብትሉ 21 ሰከንድ ይሆናል። በሰከንድ አንድ ብትሉ 42። ለዘወትር ፈጠን ያለው ይበቃል። በሽተኛ ስታስታምሙ ወይም ከመጸዳጃ ቤት ስትመለሱ ቀስ ያለውን ያዙ። የዓለም ጤና ድርጅት ከማርጠብ እስከ ማድረቅ ያለውን በሙሉ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ነው የሚለው።

ከመጀመራችሁ በፊት እጅጌ ሰብስቡ። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። ቀለበት ስር ያለው ቆዳ ውሃ ሳይነካው ነው የሚውለው። አላወልቅም ካላችሁ ቢያንስ ከቦታው አንሸራታችሁ ስሩን እሹት።

እጃችሁን አርጥቡ፣ ከዚያ ቧንቧውን ዝጉ። ውሃ እየፈሰሰ መታሸት ውሃ መድፋት ብቻ ሳይሆን ሳሙናውንም ያጥበዋል። ሳሙና ውሰዱ። አረፋ መሆን አለበት፤ አረፋ ካላወጣ ጨምሩ።

በሀ ቤት መዳፍ ለመዳፍ እሹ። ይኼን ሁሉም ሰው ያደርገዋል፤ ችግሩ ብዙው ሰው እዚሁ ላይ ማቆሙ ነው።

በለ ቤት የቀኝ መዳፋችሁን በግራ እጃችሁ ጀርባ ላይ አድርጋችሁ ጣት በጣት መሃል እያስገባችሁ እሹ። በሦስተኛው ፊደል ላይ እጅ ቀይሩ። በሐ ቤት ደግሞ መዳፍ ለመዳፍ ገጥማችሁ ጣቶቻችሁን አቆላልፉ። የጣት መሃል የሚጸዳው እዚህ ነው።

በመ ቤት ጣቶቻችሁን አጥፋችሁ እርስ በርስ አንጠልጥሏቸው። ሁለት የመኪና መጎተቻ መንጠቆ እንደሚያያዘው። የጣቶቹ ጀርባ በሌላው መዳፍ ውስጥ ይታሻል።

ሠ ቤት የአውራ ጣት ነው። አውራ ጣትን በሌላው እጅ ጨብጣችሁ እንደ ሞተር ሳይክል ነዳጅ መስጫ አሽከርክሩት። ሁለቱንም። አውራ ጣት በቀን ውስጥ ከሁሉም በላይ ይሠራል፦ ስልክ ይነካል፣ ብር ይቆጥራል፣ እንጀራ ይቆርሳል። ሲታጠብ ግን ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።

ረ ቤት የጣት ጫፍ ነው። አምስቱን ጫፍ ሰብስባችሁ በሌላው መዳፍ ላይ ክብ እየሠራችሁ ፈትጉ። ጥፍራችሁ ረጅም ከሆነ ሥራው እጥፍ ይሆናል። ለማጉረስ የሚሄደው ይኼው የጣት ጫፍ መሆኑን አትርሱ።

አሁን አለቅልቁ። ጣቶቻችሁን ወደ ታች አዘንብሉ፤ የቆሸሸው ውሃ በጣት ጫፍ ይውረድ እንጂ ወደ ክርን አይመለስ።

የቧንቧውን መክፈቻ መጀመሪያ የከፈታችሁት በቆሸሸ እጃችሁ ነው። መልሳችሁ በዚያው ከዘጋችሁት ታጥቦ ጭቃ ነው። ወይ እጃችሁ አረፋ ላይ እያለ መክፈቻውንም አብራችሁ እጠቡት፣ ወይ በክርን ዝጉት፣ ወይ ባደረቃችሁበት ሶፍት ያዙት። እኔ የመጀመሪያውን እወዳለሁ፤ ሶፍት አይጠይቅም፣ ከእኔ በኋላ የሚመጣውንም ሰው ይጠቅማል።

ማድረቅ እንደ ትርፍ ሥራ አይታይ። እርጥብ እጅ ከደረቅ እጅ ይልቅ ጀርም በቀላሉ ያነሳል፣ ያስተላልፋልም። ምግብ ቤት ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ የተንጠለጠለችውን አንዲት ፎጣ ግን ተዋት። ሶፍት ከሌለ እጃችሁን እያራገባችሁ አድርቁ። ሱሪ፣ ነጠላ፣ መጋረጃ አይሆንም። ቤት ውስጥ ለያንዳንዱ ሰው የራሱ ፎጣ ይኑረው። ቀለም ብትለዩ ጭቅጭቅ ይቀንሳል።

ውሃው ሲጠፋ

የመሀል አዲስ አበባ ሰው እዚህ ላይ ይስቃል። «የቱን ቧንቧ ነው የምትዘጋው? መቼ መጣና!» ይላል። ልክ ነው። ስለዚህ ስሌት እንሥራ።

ውሃ በስስ እየወረደ ከታጠባችሁ አንድ መታጠብ ግማሽ ሊትር ይበቃዋል። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ማለት 40 መታጠብ ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት እያንዳንዱ በቀን ስምንት ጊዜ ቢታጠብ ልክ 40 ይሞላል። አንድ ጄሪካን፣ አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ቀን። ፈረቃችሁ በሦስት ቀን አንዴ ከሆነ ሦስት ጄሪካን ለእጅ ብቻ ለዩ። ለምግብና ለመጠጥ ከሚሆነው ጋር አትቀላቅሉት፤ ከተቀላቀለ መጀመሪያ የሚቀነሰው የእጅ ድርሻ ነው። አውቀዋለሁ።

ውሃውን በስስ የማውረዱ ዘዴ ብዙ ነው። ገንዘብ ካላችሁ መርካቶ ቧንቧ የተገጠመለት ባልዲ ታገኛላችሁ። ከሌላችሁ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውሰዱ። ሚስማር በእሳት አግላችሁ ከግርጌው ሁለት ጣት ከፍ ብሎ አንድ ቀዳዳ ብሱ። በጣት ደፍናችሁ ሙሉት፣ ክዳኑን ጥብቅ አድርጉት። ውሃው አይፈስም። ክዳኑን ትንሽ ስታላሉት አየር ይገባና በቀዳዳው ይወርዳል፤ ስታጠብቁት ይቆማል። ክዳኑንም አረፋ አስነኩት፤ የቧንቧ መክፈቻው ጉዳይ እዚህም አለ።

ግቢ ውስጥ ለብዙ ሰው የሚሆነው በእግር የሚረገጠው ነው። አምስት ሊትር ጄሪካን፣ ሁለት ባላ፣ አንድ አግዳሚ እንጨት፣ ገመድ። ጄሪካኑን በእጀታው በአግዳሚው ላይ አንጠልጥሉት። ከክዳኑ ዝቅ ብሎ ሚስማር የሚያክል ቀዳዳ ብሱለት። ከአንገቱ ገመድ አስራችሁ መሬት ላይ ካለ እንጨት ጋር አገናኙት። እንጨቱን ስትረግጡ ጄሪካኑ ያጎነብሳል፣ ውሃ ይወርዳል። እጅ ምንም አይነካም። ስሩ ሳፋ አድርጉ፤ የተጠራቀመው ውሃ ለመጸዳጃ ቤት ይሆናል።

ሳሙናውስ? በጋራ ግቢ ሳሙና እግር አለው፣ ይሄዳል። መፍትሔው አሮጌ ስቶኪንግ ነው። ሳሙናውን ከስቶኪንጉ ውስጥ ከታችሁ ከባላው ላይ እሰሩት። አይጠፋም፣ ውሃ ውስጥ ተኝቶ አይቦካም፣ አረፋም ከነስቶኪንጉ ያወጣል። ሰው የነካውን ሳሙና መንካት አያሳስባችሁ፤ ሳሙናው ላይ ያለው ከአረፋው ጋር ታጥቦ ይሄዳል። ሳሙና ከተወደደ ደግሞ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ሳሙና፣ 30 ግራም አካባቢ፣ በአንድ ሊትር ተኩል ሃይላንድ በጥብጡ። ለብዙ ሰው ይበቃል። ለቆዳ ግን ጠንካራ ስለሆነ ደህና አድርጋችሁ አለቅልቁ።

ሁለት ነገር ግን አታድርጉ። አንዱ ሁሉም እጁን አንድ ሳፋ ውስጥ እየነከረ መታጠብ ነው፤ የመጨረሻው ሰው የሌላውን እጅ ጀርም ተረክቦ ይሄዳል። ሌላው በእጅ የያዙትን ጣሳ ንጹሕ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ መንከር ነው። ውሃ የሚፈስ ይሁን።

የእኛ ግቢ ስድስት ቤት ነው፣ ቧንቧው አንድ። ሳሙና ለመግዛትና ጄሪካን ለመሙላት ሳምንታዊ ተራ አወጣን። መጀመሪያ ላይ ገንዘብ ሰብስበን ነበር፤ ሰብሳቢው ማን፣ ያዥው ማን እየተባለ ተበላሸ። ተራ ይሻላል። ተረኛው ሰነፍ ከሆነ ሁሉም ያውቀዋል።

ቀኑን ተከትሎ

«በየጊዜው ታጠቡ» የሚለው ምክር የትም አያደርስም። በየትኛው ጊዜ? አንድ ተራ የሥራ ቀን እንውሰድ።

ጠዋት ታክሲ ትይዛላችሁ። በር ትነካላችሁ፣ ወንበር ትይዛላችሁ፣ ከረዳቱ መልስ ትቀበላላችሁ። ያቺ የተጨማደደች አሥር ብር ከመርካቶ ተነስታ በስንት እጅ እንደመጣች ቁጠሩት። ብር በመንካት ብቻ ሰው አይታመምም። ብር የነካው እጅ ወደ ዓይን፣ ወደ አፍንጫ፣ ወደ አፍ ሲሄድ ነው ነገሩ። እሱን ደግሞ ሳናውቀው እናደርገዋለን። አውስትራሊያ ውስጥ የሕክምና ተማሪዎች ትምህርት ላይ ሳሉ ተቀርጸው ሲታዩ በሰዓት በአማካይ 23 ጊዜ ፊታቸውን ነክተዋል። ሐኪም ሊሆኑ የሚማሩ ናቸው እንግዲህ። ሚጥሚጣ ነክቶ ዓይኑን ያሻሸ ሰው ይህን ለማመን ጥናት አያስፈልገውም።

ስለዚህ መሥሪያ ቤት እንደገባችሁ፣ ወንበር ሳትስቡ፣ ታጠቡ። ከዚያ ስልካችሁን ጥረጉ። ታጥባችሁ ያልተጠረገ ስልክ ካነሳችሁ፣ ያው ጭቃችሁ ነው።

ምሳ ላይ ያልነው አለ፦ ሳሙናው በፊት። አንድ ነገር ልጨምር። ከታጠባችሁ በኋላ ወንበር አትጎትቱ፣ ሜኑ አታገላብጡ። መጀመሪያ ቦታ ያዙ፣ እዘዙ፣ ከዚያ ምግቡ ሊቀርብ ሲል ተነስታችሁ ታጠቡ። ጉርሻ በወረርሽኝ ሰሞን ቢቀር ይሻላል እላለሁ። «እምቢ አትበል፣ በሞቴ» የሚል ዘመድ ካላችሁ ችግሩ ይገባኛል። እንግዲያው ለየብቻ ሳህን አቅርቡ፤ ከአንድ ትሪ ካልተበላ ጉርሻውም ይቀንሳል።

ማታ ቤት ስትደርሱ ጫማ ታወልቃላችሁ አይደል? መታጠቡን ከጫማው ጋር እሰሩት። ጫማ ወለቀ፣ እጅ ታጠበ፣ ከዚያ ልጅ ይታቀፋል። በተቃራኒው ከሆነ ልጁ ሮጦ እግራችሁ ላይ ሲጠመጠም ማን ሊያስቆመው ነው።

ቡና ላይ ደግሞ ሁሉም የሚዘነጋው ቆሎው ነው። ሲኒው ይታጠባል፣ ይለቀለቃል። የቆሎው ሳህን ግን በመሃል ተቀምጦ አሥር እጅ ይገባበታል። በማንኪያ በየእጃችሁ ይታደል። እትዬ ጎረቤታችን መጀመሪያ ላይ «ደግሞ ለቆሎ ማንኪያ!» ብለው ስቀውብን ነበር። አሁን ማንኪያውን ራሳቸው ያመጡታል።

ከእነዚህ ውጭ ያሉት የታወቁ ናቸው፦ ከመጸዳጃ ቤት በኋላ፣ የልጅ ዳይፐር ከቀየሩ በኋላ፣ ካስነጠሱ ወይም አፍንጫ ከጠረጉ በኋላ፣ ሊጥ ከመንካት በፊት፣ ሕፃን ከማጥባት በፊት፣ በሽተኛ ከመንካት በፊትም በኋላም። ማስክ ስታጠልቁና ስታወልቁም እንዲሁ። ማስኩን ወደ አገጭ ዝቅ፣ ወደ አፍንጫ ከፍ ማድረግ የፊት ለፊቱን ጀርም ለጣት መስጠት ነው።

ለቅሶ ቤት ለብቻው ይነሳ። ከቀብር መልስ እጅ ታጥቦ ንፍሮ መቅመስ አለ። ድንኳኑ በር ላይ ውሃው አለ፣ ሰውም ይሰለፋል። የሚጎድለው ሳሙናና የሚፈስ ውሃ ነው። እድራችሁ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ካለው ሁለት ባለ ቧንቧ ባልዲ መጨመር አይከብደውም። በሚቀጥለው ስብሰባ አንሱት።

ሳኒታይዘር፣ አረቄና በረኪና

ሳኒታይዘር መንገድ ላይ ላላችሁበት ጊዜ ነው። የአልኮል መጠኑ ቢያንስ 60 በመቶ መሆን አለበት፤ ጠርሙሱ ላይ አንብቡ። ካልተጻፈበት አትግዙ። መዳፍ የሚሞላ ያህል ውሰዱ፣ ስድስቱን ቤት ፊደል እየቆጠራችሁ እስኪደርቅ እሹ። ከ20 እስከ 30 ሰከንድ። ሁለት ጠብታ አድርጎ ሱሪ ላይ መጥረግ ሽቶ መቀባት ነው።

በዓይን የሚታይ ቆሻሻ ወይም ቅባት ያለበት እጅ ላይ በደንብ አይሠራም። ተቅማጥ የሚያመጡ አንዳንድ ጀርሞችም ለአልኮል አይበገሩም፤ ለእነሱ ሳሙናና ውሃ ነው። ሌላው እሳት ነው። አልኮሉ ሳይደርቅ ክብሪት አትጫሩ፣ ከሰል አታራግቡ፣ ዕጣን አታጭሱ። ነበልባሉ በቀን ብርሃን በደንብ እንኳ አይታይም።

አረቄስ? ይህ ጥያቄ ያኔ በሰፊው ተነስቷል። ካቲካላ በአብዛኛው 60 በመቶ አይደርስም። ለእጅ አይሆንም። ለሌላው አገልግሎቱ አስተያየት የለኝም።

በረኪና ለወለልና ለመጸዳጃ ቤት ነው። በእጅ ላይ ቆዳ ይልጣል። ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር ደግሞ አትቀላቅሉት፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ሎሚና ነጭ ሽንኩርትም በመጋቢት 2012 ዋጋቸው ሰማይ ነክቶ ነበር። ለወጥና ለሰላጣ ጥሩ ናቸው።

ሳሙና ጨርሶ በሌለበት ንጹሕ አመድ ከምንም ይሻላል። እንዶድም አረፋ ያወጣል፤ አያቶቻችን ልብስ ያጠቡበት ነበር።

ልጅን የማስተማሪያ ዘዴ

ስለ ጀርም ለልጅ አታውሩ፤ አሳዩት። ከድስት ቂጥ ጥላሸት ፋቁ፣ ጠብታ ዘይት ጨምሩ፣ እጁን ቀቡት። ዓይኑን ጨፍኖ ይታጠብ። ጨረስኩ ሲል ዓይኑን ይክፈት። ጥቁሩ የት ቀረ? በአብዛኛው አውራ ጣት፣ የጥፍር ዳርና የጣት መሃል ላይ። ሁለተኛ ጊዜ ፊደሉን እየጮኸ ይታጠባል። ፊደልም አብሮ ያጠናል።

እኔ ራሴን በዚሁ ፈተንኩ። የግራ አውራ ጣቴ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ይህን ሁሉ ምክር የሚጽፍ ሰው!

ለአባቶችና ለእናቶች ግን ሌላ መንገድ ያስፈልጋል። «አባባ፣ እጅዎን አልታጠቡም» ብሎ መናገር ያስቀይማል። ማስታጠቢያውንና ሳሙናውን ይዞ ፊታቸው መቅረብ ነው። ማስታጠብ ክብር ነው፤ እምቢ አይሉም። ወገብ ወይም ጉልበት ለሚያማቸው ባልዲው ወንበር ላይ ይቀመጥላቸው።

እጅ የማይደርስበት

እውነቱን እንነጋገር። ኮሮና በዋናነት የሚተላለፈው በትንፋሽና በአየር መሆኑ ኋላ ላይ ግልጽ ሆኗል። እኔ ያኔ ሙዝ በሳሙና አጥቤአለሁ። ልፋቴ ነው የሚቆጨኝ። እጅ መታጠብ በአጠቃላይ የመተንፈሻ አካል በሽታዎችን ከ16 እስከ 21 በመቶ ይቀንሳል ነው የሚባለው። የተቅማጥን ደግሞ ከ23 እስከ 40 በመቶ። በ2008 ክረምት አተት ከተማችን የገባ ጊዜ፣ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ማለት ነው፣ ሳሙናው ከሁሉ በላይ የሚሠራበት ወረርሽኝ እሱ ነበር።

በትንፋሽ ለሚመጣው ማስክና መስኮት ይጨመር። መስኮት ስል ግን ጠብ ልጭር እንደሆነ አውቃለሁ። ታክሲ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው «ዝጋው፣ ብርድ አስመታኸን እኮ!» ይባላል። ካፖርታችሁን ቆልፉና መስኮቱን ክፈቱ። ብርድ ከሚመታችሁ አጠገባችሁ የሚያስለው ሰው ትንፋሽ ይብስ ይመታችኋል።

በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አዲስ አበባ በኢንፍሉዌንዛ ተመታች። የኅዳር በሽታ እንላለን። ብዙ ሰው አለቀ፤ ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠራርጎ የማቃጠሉ ልማድ፣ ኅዳር ሲታጠን የምንለው፣ ከዚያ ጊዜ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ከመቶ ዓመት በላይ ዘለቀ። በኮሮና ጊዜ በየበሩ የነበሩት የብረት ማስታጠቢያዎች ግን ሦስት ዓመት እንኳ አልቆዩም፤ ደርቀው ዝገው ተነሱ። ልዩነቱ ምን ይሆን ብዬ አስባለሁ። ኅዳር 12 ቀን አለው። መታጠቡ ግን በዘበኛ ትእዛዝ ላይ ነበር የቆመው፤ ዘበኛው ዝም ሲል ቆመ። ለዚህ ነው ጫማ ከማውለቅ፣ ቡና ከመቅረቡ፣ ምግብ ከመታዘዙ ጋር እሰሩት የምለው።

እጃችሁ ከደረቀ ማታ ማታ ግሊሰሪን ወይም ቫዝሊን ተቀቡ። የተሰነጠቀ ቆዳ ያማል፤ የሚያም እጅ ደግሞ መታጠብ ይሸሻል።

የቀረውን ሌላ ቀን እጨምርበታለሁ። የዚህ ሳምንት ተረኛ እኔ ነኝ፣ ስቶኪንጉ ውስጥ የቀረችው ሳሙና ጥፍር አክላለች። ሱቁ ሳይዘጋ ልውረድ።